ከኒሆንባሺ እስከ ቶዮሱ፦ የቶኪዮ ምግብ ቤቶች የዓሣ ገበያ ታሪክ

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ በ1831 ገደማ ያሳተመውን ታላቅ ማዕበል በካፌ ግድግዳ፣ በቲሸርት ወይም በስልክ ሽፋን ላይ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ ማዕበሉ ነው። ከሥሩ ጎንበስ ብለው መቅዘፊያቸው ላይ የተለጠፉትን ሰዎች ልብ የሚላቸው ብዙም የለም። ጀልባዎቹ ሦስት ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ስምንት ቀዛፊ አለ። እነዚህ ቀጫጭን ጀልባዎች ከሩቅ መንደሮች ትኩስ ዓሣ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ለማድረስ የተሠሩ ፈጣን ጀልባዎች ነበሩ። የዘገየ ዓሣ ዋጋው ስለሚወድቅ ቀዛፊዎቹ ባሕሩ ሲቆጣም ይወጡ ነበር።

ጀልባዎቹ ይገሰግሱበት የነበረው ገበያ ቦታውን እየለወጠ ዛሬም አለ። ሱሺ ዓለምን እንዳዳረሰ፣ በየዓመቱ መባቻ አንድ ቱና በማይታመን ዋጋ እንደሚሸጥ ብዙ ሰው ሰምቷል። በመካከሉ ያለው ረጅም ታሪክ ግን ተበጣጥሶ ነው የሚታወቀው። የቶኪዮ ምግብ ቤቶች በየዕለቱ ወቅቱን የጠበቀ ትኩስ ዓሣ የሚያገኙት በሼፎቻቸው ጥበብ ብቻ አይደለም። በወደቡና በሳህኑ መካከል ቆመው ዓሣውን የሚመርጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ሥራቸውን ደግሞ እሳት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የኑክሌር ቦምብና ባዶ የጭነት አውሮፕላን ቀርጸውታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1590 እስከ 1657፦ ከቤተ መንግሥት የተረፈ

የጦር መሪው ቶኩጋዋ ኢያሱ በ1590 ኤዶን መቀመጫው ሊያደርግ ሲመጣ የጠበቀው በረግረግ ዳር ያለ ያረጀ ምሽግና ዙሪያውን የተበተኑ መንደሮች ነበሩ። ባሕረ ሰላጤው ግን ዓሣ የሞላበት ነበር። ኢያሱ ዛሬ የኦሳካ ከተማ አካል ከሆነችው ከጹኩዳ መንደር ሠላሳ ያህል ዓሣ አጥማጆችን አስመጣ። አለቃቸው ሞሪ ማጎኤሞን ይባል ነበር። በሱሚዳ ወንዝ መግቢያ ላይ ያለ ደለል ተሰጣቸው፤ ደልድለው ሠፈሩበትና በትውልድ መንደራቸው ስም ጠሩት።

መብታቸው ከግዴታ ጋር የተቆራኘ ነበር። በባሕረ ሰላጤው እንዳሻቸው ያጠምዳሉ፤ በምላሹ የሾገኑን (የወታደራዊ ገዥውን) ማድ ቤት ዓሣ አያሳጡም። ብርዱ በሚጠነክርበት ወቅት ማታ ማታ እሳት አንድደው፣ በብርሃኑ የሚሳቡትን ጣት የማያህሉ ዓሦች እየጠለፉ ለቤተ መንግሥት ያቀርቡ ነበር። የተረፈውን መሸጥ ተፈቀደላቸው። መሸጫቸውም በ1603 በተሠራው የኒሆንባሺ ድልድይ አጠገብ ሆነ። የአገሪቱ አውራ መንገዶች ርቀት የሚቆጠረው ከዚህ ድልድይ ስለነበር ሥፍራው ለንግድ የተመቸ ነበር።

መጀመሪያ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ሕዝቡ የሚለው ይህ ቅደም ተከተል ገበያውን ሁለት ክፍለ ዘመን ተኩል ያህል ገዝቶታል። የቤተ መንግሥቱ ገዢዎች ምርጡን ዓሣ ከገበያው ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ይወስዱ ነበር። ነጋዴዎቹም ደህና ዓሣ ሲገባላቸው መደበቅ ለመዱ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ዘላቂ ነገር ፈጠሩ። ገንዘብ ያላቸው ጅምላ ነጋዴዎች በየጠረፉ ላሉ መንደሮች ለመረብና ለጀልባ መግዣ ብድር ሰጡ፤ ተበዳሪው መንደር ያጠመደውን ለአበዳሪው ብቻ ይልካል። ዓሣው ገና ከባሕር ሳይወጣ ገዢው ታውቆ ነበር ማለት ነው።

ከ1657 እስከ 1868፦ የመጀመሪያዋ ዓሣ ውድድር

በ1657 የተነሳው ቃጠሎ አብዛኛውን ኤዶ አወደመ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ 100,000 ይገመታል። ከተማዋን መልሶ ለመገንባት አናጢውም፣ ተሸካሚውም፣ ቀን ሠራተኛውም ከየገጠሩ ጎረፈ። አብዛኞቹ ቤተሰብ ያልያዙ ወንዶች ነበሩ፤ ምግብ የሚያበስልላቸው አልነበረም። ከቃጠሎው በኋላ በየመንገዱ የተዘጋጀ ምግብ የሚሸጡ ቤቶች በረከቱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሲደርስ ኤዶ ደጅ የሚበላባት ከተማ ሆና ነበር።

የዚያ ዘመን ሰው ወቅትን በዓሣ ይቆጥር ነበር፤ ከዓሣዎቹም ሁሉ ልቡን የሚሰቅለው ካጹኦ ነው። ካጹኦ የቱና ዘመድ ነው፤ ሙቅ የባሕር ሞገድ ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በግንቦት አካባቢ የኤዶን ደጅ ያልፋል። የመጀመሪያውን ካጹኦ ቀድሞ መብላት ክብርም፣ የመልካም ዕድል ምልክትም ነበር። ውድድሩ ስለከፋ መንግሥት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዓመቱ የመጀመሪያ ዓሣና አትክልት ከተወሰነለት ወር በፊት አይሸጥ የሚል አዋጅ እስከማውጣት ደረሰ። አዋጁ ግን ጉጉቱን አልገታውም።

የ1812 ታሪክ ይህን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ጸሐፊው ኦታ ናንፖ እንደመዘገበው በዚያ ዓመት መጀመሪያ ኒሆንባሺ የደረሱት ካጹኦዎች 17 ነበሩ። ስድስቱ ወደ ሾገኑ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ሦስቱን ያኦዜን የተባለው ስመ ጥር ምግብ ቤት እያንዳንዳቸውን ከሁለት የወርቅ ርዮ በላይ ከፍሎ ወሰዳቸው። የቀሩትን ስምንቱን ዓሣ ሻጮች ተከፋፈሏቸው፤ ከነዚህም አንዱን ታዋቂው የካቡኪ ቴአትር ተዋናይ ናካሙራ ኡታኤሞን ሦስተኛው በሦስት ርዮ ገዝቶ ለታናናሾቹ ተዋንያን አበላ። ሦስት ርዮ የዝቅተኛ ሳሙራይ የዓመት ጥሬ ደመወዝ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ካጹኦ ቀይና ስብ የሌለው ነው፤ ከሰሜን ሲመለስ በጥቅምት አካባቢ የሚያዘው ይሰባል፣ ይጣፍጣልም። ያኦዜን የከፈለው ለጣዕም አልነበረም፤ ለቀዳሚነት ነው። የዘመናችን ምግብ ቤቶችም የዓመቱን የመጀመሪያ ቱና በጨረታ ሲሻሙ የሚከፍሉት ለዚያው ነው።

ያኦዜን የሀብታም ቤት ነው። ተራው ሰው የሚበላው ከተሽከርካሪ ጋሪና ከመንገድ ዳር ጠረጴዛ ነበር። በ1820ዎቹ ሃናያ ዮሔ የተባለ ሰው በሪዮጎኩ ሠፈር በእጅ የተጨበጠ ኮምጣጣ ሩዝ ላይ ዓሣ እያስቀመጠ ወዲያው መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬ ዓለም ሱሺ የሚለው ይህንን ነው። ያ ሱሺ ግን እንደዛሬው በጥሬ ዓሣ የተሞላ አልነበረም። በረዶ በሌለበት ከተማ ትኩስነት የሚቆየው በእጅ ሥራ ነው። ኮሃዳ የምትባለው ብርማ ትንሽ ዓሣ ጨው ተነስንሶባት ከዚያ ኮምጣጤ ውስጥ ትዘፈዘፋለች፤ እባብ መሰሉ አናጎ በጣፋጭ መረቅ ይቀቀላል፤ ሽሪምፑም ተቀቅሎ ነው የሚቀርበው። የቶኪዮ ስመ ጥር ሱሺ ቤቶች ዛሬም ኮሃዳን በጨውና በኮምጣጤ ያሰናዳሉ፤ ጠንቃቃ ደንበኛም የቤቱን ደረጃ የሚለካው በዚችው ትንሽ ዓሣ ነው።

ቱና ያኔ የተናቀ ነበር። ቶሎ ይበላሻል። ቀዩ ሥጋ በአኩሪ አተር ሶስ ተነክሮ ለድሃው ይቀርባል፤ ዛሬ ወርቅ የሚያወጣው የሆዱ ስብ ግን ይጣል ነበር።

ከ1868 እስከ 1923፦ በረዶ፣ ባቡርና የሴቶቹ ዓመፅ

በ1868 የሾገኖቹ ዘመን አበቃ። ከቤተ መንግሥት ጋር የታሰረው መብትና ግዴታም አብሮ ወደቀ። ወዲያው ደግሞ የርቀትን ትርጉም የሚለውጡ ነገሮች መጡ። በ1870ዎቹ ከሰሜናዊቷ ሃኮዳቴ፣ በዚያ ባለ ምሽግ ዙሪያ ካለው ውኃ ላይ የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ወደ ቶኪዮ ይጫን ጀመር፤ ቆየት ብሎ በረዶ በፋብሪካ መሠራት ቻለ። የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ጀልባዎች ሞተር ገጠሙ። በቀዛፊ ጉልበት ይወሰን የነበረው የትኩስ ዓሣ ድንበር በየዓመቱ ሰፋ።

ገበያው ግን እዚያው ኒሆንባሺ ተጣብቦ ቀረ። ሽታውና ቆሻሻው ከባንኮችና ከትልልቅ መደብሮች መሀል ተቀምጦ ነበር። የኮሌራ ፍርሃትም ስለነበር የከተማው አስተዳደር ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገበያው ይነሳ ብሎ ወስኖ ነበር። ነጋዴዎቹ እንቢ አሉ። በገበያው ውስጥ ዓሣ የሚዘረጋበት ጣውላ ማስቀመጫ ቦታ ራሱ የሚሸጥ የሚለወጥ፣ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነበር፤ መነሳት ማለት ያንን ማጣት ነው። ክርክሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ተጓተተ።

ለውጡ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1918 አጋማሽ የሩዝ ዋጋ ሲንር በቶያማ ጠረፍ ያሉ የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች ሩዛችን ወደ ሌላ አካባቢ አይጫንም ብለው ወጡ። ቁጣው አገሩን አዳረሰ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ መንግሥት ሥልጣን እስከመልቀቅ ደረሰ። ባለሥልጣናቱ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የከተማ ሰው ምግብ ለጥቂት ነጋዴዎች ድብቅ ስምምነት መተው እንደሌለበት ነው። በማርች 1923 የወጣው የማዕከላዊ ጅምላ ገበያ ሕግ ትልልቅ ከተሞች ራሳቸው ገበያ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ ዋጋም በግልጽ ጨረታ እንዲወሰን አዘዘ። ሻጭና ገዢ እጃቸውን በልብስ ሸፍነው በጣት ይዋዋሉበት የነበረው ዘመን በወረቀት ላይ አበቃ።

ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 እኩለ ቀን ላይ፣ ምድር ተናወጠች። የምሳ እሳት በየቤቱ ይነድ ስለነበር ቃጠሎው ከመንቀጥቀጡ የከፋ ሆነ። ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ። የኒሆንባሺ ገበያም ከሦስት ክፍለ ዘመን በኋላ አመድ ሆነ።

ከ1923 እስከ 1954፦ ጹኪጂ

ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ሺባኡራ ወደብ ላይ ጊዜያዊ ገበያ ዘረጉ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ጹኪጂ ተዛወሩ። መሬቱ የባሕር ኃይል ይዞታ ነበር፤ ሥፍራው ራሱ ደግሞ ከ1657ቱ ቃጠሎ በኋላ ባሕር ተሞልቶ የተገኘ ነው። የጥንቱ የመደብ መብት ካሳ ጉዳይ በከተማው ምክር ቤት ውስጥ ትልቅ የጉቦ ቅሌት አስነስቶ ነበር። የሆነው ሆኖ ሰፊው ገበያ በ1935 ተከፈተ።

የሕንፃው ቅርጽ ግራ ያጋባ ነበር፤ ከላይ ሲታይ የክብ ሩብ ይመስላል። ምክንያቱ የባቡር ሐዲድ ነው። ከሺዮዶሜ ጣቢያ የሚመጣው የዓሣ ባቡር ረጅም ስለነበር ሐዲዱ እንደ ቅስት ታጥፎ እንዲቆም ተደረገ፤ ሕንፃውም ሐዲዱን ተከትሎ ታጠፈ። በአንዱ ጎን ባቡር፣ በወንዙ በኩል ጀልባ ዓሣ ያራግፋሉ። ዓሣው ከውጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጓዛል፦ መጀመሪያ ጨረታው፣ ቀጥሎ የአማካይ ነጋዴዎች መደቦች፣ ከዚያ ወደ ምግብ ቤቶቹ ጋሪ። ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላም ይህ መስመር አልተለወጠም።

ጦርነቱ ሲመጣ ጨረታው ቆመና ዓሣ በራሽን ተከፋፈለ። ከሽንፈቱ በኋላም ችጋሩ ቀጠለ፤ በ1947 አብዛኞቹ ምግብ ቤቶች እንዲዘጉ ተደረገ። የቶኪዮ ሱሺ ሠሪዎች ግን መውጫ አገኙ። ደንበኛው የራሱን ሩዝ በስኒ ይዞ ይመጣል፤ ሠሪው የሚከፈለው ለእጅ ሥራው ብቻ ነው፤ አንድ ስኒ ሩዝ አሥር ጉርሻ ሱሺ ይሆናል። ሱሺ ቤት ገብቶ አሥር ጉርሻ በአንድ ሳህን ማዘዝ የተለመደው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። በ1950 የዓሣ ቁጥጥሩ ተነሳ፤ የጨረታው ደወልም መልሶ ተደወለ።

1954፦ የተቀበረው ቱና

ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። ከቦታው ራቅ ብላ ቱና ታጠምድ በነበረችው ዳይጎ ፉኩሪዩ ማሩ በተባለች የጃፓን ጀልባ ላይ ነጭ አመድ ዘነበ። 23 መርከበኞች ነበሩባት። ጀልባዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያይዙ ወደብ ስትደርስ ዓሣዋ እንደማናቸውም ዓሣ ተራገፈ፤ ከፊሉም ለጨረታ ጹኪጂ ደረሰ። የጨረር መለኪያ ሲጠጋው ጮኸ። ዓሣው እዚያው በገበያው ግቢ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። በሴፕቴምበር የጀልባዋ ሬዲዮ ሠራተኛ ኩቦያማ አይኪቺ ሞተ።

በዚያ ዓመት ከ800 በላይ ጀልባዎች የተበከለ ዓሣ ይዘው መገኘታቸው ሲታወቅ ገዢ ጠፋ። የሱሺ ቤቶች በር ላይ “ቱና አንሸጥም” የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ይህ ክስተት ከገበያው ታሪክ ሁሉ ተለይቶ ሊታሰብ ይገባዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የዓሣ መራጭ ዓይኑን፣ ጣቱንና አፍንጫውን ያምን ነበር፤ ያ ዓሣ ግን ለዓይንም፣ ለጣትም፣ ለአፍንጫም ፍጹም ጤነኛ ነበር። ዓሣው ከየት ባሕር እንደተያዘ ማወቅም አስፈላጊ ሆነ።

ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ፦ ወቅትን ያሸነፉት ማሽኖች

ጃፓን በለጸገች፤ የሰዉም ምላስ ተለወጠ። ሥጋና ቅቤ የለመደው ትውልድ አያቶቹ የጣሉትን የቱና ሆድ ስብ ወደደው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ የሚያቀዘቅዙ ማሽኖች በመርከብ ላይ ተተከሉ፤ ከአፍሪካ ጠረፍ ወይም ከደቡብ ውቅያኖስ የተያዘ ቱና ቀለሙ ሳይጠቁር ከወራት በኋላ ቶኪዮ ይደርስ ጀመር።

ዓለምን ከጹኪጂ ጋር ያስተሳሰረው ግን አውሮፕላን ነው። የጃፓን አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላኖች ካሜራና ኤሌክትሮኒክስ ጭነው ወደ ሰሜን አሜሪካ ይሄዱና ባዷቸውን ይመለሱ ነበር። የአየር መንገዱ ሠራተኛ አኪራ ኦካዛኪ ለመልሱ የሚሆን ውድና ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ሲያፈላልግ ካናዳ ደረሰ። በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ግዙፍ ብሉፊን ቱና ለስፖርት ይጠመድ ነበር፤ ፎቶ ከተነሱበት በኋላ በጉድጓድ ይቀብሩታል ወይም ለድመት ምግብ ይሸጡታል። ኦካዛኪ ዓሣው በበረዶና በማቀዝቀዣ ሣጥን ተጠብቆ የሚጓዝበትን መንገድ ዘየደ። ኦገስት 14 ቀን 1972 የካናዳ ቱናዎች በጹኪጂ ወለል ላይ ተሰልፈው ለጨረታ ቀረቡ፤ በጥሩ ዋጋም ተሸጡ። ከዚያ በኋላ ከቦስተን፣ ከስፔን፣ ከአውስትራሊያ ቱና ይበር ጀመር። በካናዳ ገጠር ለጉድጓድ የተፈረደበት ዓሣ በጥቂት ዓመታት የአጥማጁን ኑሮ የሚቀይር ሀብት ሆነ።

ይህን ያህል ዓሣ ከዓለም ዙሪያ ሲጎርፍ ምግብ ቤቱ እንዴት ይምረጥ? የጹኪጂ መልስ ለምግብ ቤቱ የሚመርጥ ሰው ማቆም ነበር። በጨረታው የሚሳተፈው ተራ ገዢ አይደለም፤ በዋናነት ፈቃድ ያለው አማካይ ጅምላ ነጋዴ ነው። እነዚህ ቤተሰቦች በአንድ ወቅት ከሺህ በላይ ነበሩ። አንዱ ቱና ብቻ፣ ሌላው አናጎ ብቻ፣ ሌላው ሽሪምፕ ብቻ ይነግዳል።

ጎህ ሳይቀድ የቱናው ወለል ላይ ይህ ይታያል። ዓሣዎቹ ጭንቅላታቸው ሳይቆረጥ በረድፍ ተዘርግተዋል፤ ጅራታቸው ተቆርጦ የጥፍር ያህል ሥጋ ተከፍቷል። መራጩ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ በአንድ እጁ ትንሽ ባትሪ፣ በሌላው የብረት ቆልማማ ይዞ ይዞራል። መብራቱን ወደ ተቆረጠው ሥጋ ያስጠጋና የቅላቱን ጥራት ያያል፤ ከዚያ ቅንጣት ሥጋ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሽቶ ስቡ እንደሚቀልጥና እንደማይቀልጥ ይፈትሻል። ሆድ ዕቃው የወጣበትን ቀዳዳ ገልጦ የሆዱን ውፍረት ይመለከታል። ደወል ሲደወል አጫራቹ እንደ ዜማ በሚፈስ ድምፅ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢዎቹ በጣት ምልክት ይመልሳሉ። የአንድ ዓሣ ዕጣ በሰከንዶች ይቆረጣል።

ዓሣው ከተገዛ በኋላ መራጩ ደንበኞቹን ያስባል። ልኳንዳ ቤት ገብቶ “ለጥብስ የሚሆን፣ ስቡ ያልበዛ” የሚል ሰው ባለልኳንዳው የሚያውቀው ከሆነ ብዙ አያስረዳም፤ እዚህም እንዲሁ ነው። ኮምጣጤ የሚያበዛ ሱሺ ሠሪ ስቡ የጠነከረ ቁራጭ ይላክለታል፤ ሩዙ ለስላሳ የሆነው ቀለል ያለውን ያገኛል። ደንበኛው ትላንት ምን እንደወሰደ፣ ቤቱ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ዓሣውን ዛሬ ይሁን ከሦስት ቀን በኋላ እንደሚያቀርበው መራጩ ያውቃል። ነጭ ሥጋ ያለው ዓሣ ከሆነ ጭንቅላቱ ላይ ተወግቶ ወዲያው ይሞታል፤ በህብለ ሰረሰሩ ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ ደሙ ይፈሳል። እንዲህ የሞተ ዓሣ ለመገተር ጊዜ ስለሚወስድ ሥጋው ቆይቶ ይጣፍጣል። ሼፉ ለእራት የሚያቀርበው ዓሣ በስንት ሰዓት እንደሞተ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ገበያው ሌላ ብልሃትም ነበረው። የመደቦቹ ሥፍራ በየጥቂት ዓመቱ በዕጣ እንደ አዲስ ይከፋፈል ነበር። ማዕዘን ላይ፣ መንገድ ዳር ያለ መደብ ብዙ ይሸጣልና ያ ዕድል ለአንድ ቤተሰብ ለዘላለም እንዳይሰጥ ነው። የገበያው ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ ይተከል ነበር፤ ምግብ ቤቶች ግን ሰውየውን ፈልገው ያገኙት ነበር፤ ደንበኝነቱ ከቦታው ሳይሆን ከሰውየው ጋር ነውና።

ወቅትስ? ማቀዝቀዣና አውሮፕላን ቢያሸንፉትም አልሞተም። የካናዳና የስፔን ቱና ዓመቱን ሙሉ እየመጣም የሰሜን ጃፓኗ የኦማ መንደር በብርዱ ወራት ከጹጋሩ ወሽመጥ የምታወጣው ቱና ከሁሉ ይበልጥ ይወደዳል። ገና ያላደገችው የኮሃዳ ልጅ ሙቀቱ በሚጀምርበት ወቅት ስትታይ ሱሺ ቤቶች እንደ ድሮ የካጹኦ ደንበኞች ይሻሙባታል።

ከ2001 እስከ 2018፦ መነሳት

በ2001 የቶኪዮ አስተዳደር ገበያው ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ቶዮሱ እንዲዛወር ወሰነ። ጹኪጂ አርጅቶ፣ ጠብቦ ነበር፤ ክፍት ስለነበርም ሙቀት ሲበረታ ዓሣውን የሚያድነው በረዶ ብቻ ነበር። አዲሱ መሬት ግን ቀድሞ የጋዝ ፋብሪካ ነበረበት። በ2008 በተደረገ ምርመራ ከአፈሩ ከተፈቀደው መጠን 43,000 እጥፍ ቤንዘን የተባለ መርዛማ ኬሚካል ተገኘ። ነጋዴዎቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ የ1954ቱን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዓሣና መርዝ አብረው መጠራታቸው ምን እንደሚያመጣ ያውቁ ነበር።

አፈሩ ተጠርጎ ሕንፃዎቹ ተሠሩ። በኖቬምበር 2016 ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው አዲሷ የቶኪዮ ገዥ ዩሪኮ ኮይኬ አስቆሙት። ብዙም ሳይቆይ በሕንፃዎቹ ሥር ንጹሕ አፈር ይሞላበታል የተባለው ቦታ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ተጋለጠ። ተጨማሪ ሥራ ከተሠራ በኋላ ጹኪጂ ኦክቶበር 6 ቀን 2018 የመጨረሻውን ጨረታ አካሄደ፤ ቶዮሱ ከአምስት ቀን በኋላ ተከፈተ። ባለፉት ዓመታት ብዙ የቤተሰብ መደቦች ተዘግተው ስለነበር ወደ አዲሱ ገበያ የተሻገሩት አማካይ ዓሣ ነጋዴዎች አምስት መቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከጹኪጂ ዙሪያ የነበሩት የቢላ፣ የደረቅ ዓሣና የወጥ ቤት ዕቃ ሱቆች ግን እዚያው ቀሩ፤ ዛሬም ይሠራሉ።

ከ2019 ወዲህ፦ ባሕሩ ራሱ ሲለወጥ

ቶዮሱ ዝግ ነው፤ ሙቀቱም ይለካል። በጃንዋሪ 2019 በመጀመሪያው የአዲስ ዓመት ጨረታው 278 ኪሎ የሚመዝን የኦማ ቱና በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጠ። ገዢው የሱሺ ቤቶች ሰንሰለት ባለቤት ኪዮሺ ኪሙራ ነበር። በወጣለት ዋጋ ልክ ሱሺው አልተሸጠም፤ ደንበኞች በተለመደው ዋጋ በሉት። ኪሙራ የገዛው የዓለምን ጋዜጦች የመጀመሪያ ገጽ ነው። ያኦዜን በ1812 የገዛውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይለይም።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ምግብ ቤቶችን ሲዘጋ ለእነሱ የሚመረጠው ውድ ዓሣ ገዢ አጣ፤ አንዳንድ ነጋዴዎች ለቤተሰቦች በቀጥታ መሸጥ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የገበያ ሕግ ደግሞ ከ1923 ጀምሮ በጨረታና በአማካይ ነጋዴ ዙሪያ የተተከለውን አጥር አላላው። ዛሬ የቶኪዮ ሼፍ ከፈለገ ከደቡባዊቷ ኪዩሹ አጥማጅ በስልክ ያዝዛል፤ ዓሣው በማግስቱ ይደርሳል። ይህ ለአጥማጁ ጥቅም ነው። ሆኖም አጥማጁ የሚልከው ያገኘውን ነው፤ ከሃያ ወደቦች ከመጡ ሃያ ዓሣዎች መካከል ለዚያ ቤት የሚስማማውን አንዱን የሚለየው አሁንም የገበያው መራጭ ነው። ሕጉ በላላ ቁጥር ይህ ሙያ እንዳይመናመን የሚሠጉት ሰዎች ትክክል ናቸው።

ትልቁ ለውጥ ግን ከገበያው ውጭ ነው። በጥቅምት አካባቢ የድሃውም የሀብታሙም ገበታ ላይ የማትጠፋው ሳንማ የተባለችው ዓሣ በ2008 ከ300,000 ቶን በላይ ትያዝ ነበር፤ በ2022 ከ20,000 ቶን በታች ወረደች። ባሕሩ ሲሞቅ ዓሣዎቹ መንገድ ይለውጣሉ። የደቡቡና የመካከለኛው ጃፓን የብርድ ወቅት ዓሣ የነበረው ቡሪ በሰሜን ሆካይዶ በብዛት መያዝ ጀምሯል። አያቶች ለልጆቻቸው ያስተማሩት የወቅት አቆጣጠር በየዓመቱ እየተዛባ ነው፤ ምግብ ቤቶችም ዝርዝራቸውን የሚጽፉት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን መራጩ ማለዳ በሚደውልላቸው ስልክ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን በደህና ዞሯል። በ2010 አካባቢ እጅግ ተመናምኖ የነበረው የፓሲፊክ ብሉፊን ቱና ከ2015 ጀምሮ በጥብቅ ኮታ ሲጠበቅ ቆየ፤ የሚያዙት ትንንሾቹ መጠን በግማሽ ተቀነሰ። ዓሣው ከታሰበው ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ አገገመ። በዲሴምበር 2024 የምዕራብና ማዕከላዊ ፓሲፊክ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝኑት ኮታ በ50 በመቶ፣ የትንንሾቹ በ10 በመቶ እንዲያድግ ወሰነ፤ ውሳኔው ከ2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።